የዴቪድ ቦዊ ምርጥ ተከታታይ አልበሞች የትኞቹ ናቸው? ክርክሩ ጉንጭ አልፋ እንዳይሆን፣ ደረጃ በደረጃ

ኳስ የሚከታተል ሰው «ያለመሸነፍ ጉዞ» ሲባል ወዲያው ይገባዋል። ቡድኑ አስር ጨዋታ ሳይሸነፍ ከሄደ አስሩም ይቆጠርለታል። አምስተኛው ላይ ከተሸነፈ ግን «እሷን እንርሳትና እንቀጥል» ማለት የለም። ጉዞው እዚያው ቆመ። ቆጠራው እንደገና ከአንድ ይጀምራል።

የአንድ ሙዚቀኛን ምርጥ ተከታታይ አልበሞች የመምረጥ ክርክርም ልክ እንደዚህ ነው። «ምርጡ አልበሙ የቱ ነው?» የሚለው ጥያቄ ቀላል ነው፤ የወደድነውን ጠርተን እንጨርሳለን። «ሳይወድቅ የተጓዘው ከየት እስከ የት ነው?» ሲባል ግን መሀል ላይ ያሉትን፣ ዘለን የምናልፋቸውን አልበሞች ቁጭ ብለን መስማት ግድ ይሆናል። ይህን ክርክር የምወደው ለዚህ ነው።

ለምሳሌ የምይዘው ዴቪድ ቦዊን ነው። እንግሊዛዊው የሮክ ሙዚቀኛ ከ1971 ታኅሣሥ አጋማሽ እስከ 1980 መስከረም ድረስ ዘጠኝ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ 11 የስቱዲዮ አልበም አውጥቷል። በየአልበሙ መልኩንም ድምፁንም ይቀይር ነበር። ለክርክር ከሱ የተሻለ ሰው አላውቅም። (እዚህ ያሉት ዓመታትና ወራት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ደረጃ 1፦ ማንም አልበም ከመጥራቱ በፊት ሕጉን ተስማሙ

አብዛኛው ክርክር የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። አንዱ ስለ ስቱዲዮ አልበም ያወራል፣ ሌላው የመድረክ ቅጂውንም ይቆጥራል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሁለቱም ስለተለያየ ነገር ሲከራከሩ እንደነበር ይገባቸዋል።

እኔ የምጠቀምባቸው ሕጎች ሦስት ናቸው። አንደኛ፣ በስሙ የወጣ ሙሉ የስቱዲዮ አልበም ሁሉ ይቆጠራል። ሁለተኛ፣ መዝለል የለም። ሦስተኛ፣ ጉዞ ለመባል ቢያንስ ሦስት አልበም ያስፈልጋል። ሁለት ጥሩ አልበም በተከታታይ ያወጣ ሙዚቀኛ ብዙ ነው። ሦስተኛው ላይ ነው ሰው የሚለየው።

ቅደም ተከተሉ በወጡበት ቀን ይሁን ወይስ በተቀረጹበት ጊዜ? ይህንንም አስቀድማችሁ ወስኑ። ለቦዊ ብዙ ልዩነት አያመጣም። ለኒል ያንግ ግን ያመጣል። «ቱናይትስ ዘ ናይት» የሚለው አልበሙ በአብዛኛው የተቀረጸው በ1973 ሲሆን የወጣው በ1975 ነው። በመሀል በ1974 «ኦን ዘ ቢች» ቀድሞት ወጣ። የወጡበትን ቀን ተከትላችሁ ስትሰሟቸው አንድ ሰው ታያላችሁ፣ የተቀረጹበትን ስትከተሉ ደግሞ ሌላ ሰው። እኔ የወጡበትን ቀን እመርጣለሁ። አድማጩ ያገኛቸው በዚያ ቅደም ተከተል ነውና።

ደረጃ 2፦ ዝርዝሩን በእጃችሁ ጻፉት

ስልክ ላይ ማየት አይበቃም። ወረቀት አውጡና በእጃችሁ ጻፉት። ለምን እንደምላችሁ ልንገራችሁ። አንድ ቅዳሜ ከጓደኛዬ ጋር ቡና እየጠጣን ይህንኑ ክርክር ጀመርን። እሱ «አስራ አንዱም ያለምንም እንከን ነው!» ብሎ ድርቅ አለ። እንግዲያው ጻፈው አልኩት። የሒሳብ ወረቀቷን ገልብጦ ጀርባዋ ላይ መጻፍ ጀመረ። ሦስቱን በአንድ ትንፋሽ ጻፈ። አራተኛው ጋ ሲደርስ እስክሪብቶው ቆመ። «ፒን አፕስ»ን ረስቶት ነበር። እኔም ብሆን እዚያው ጋ ነበር የምቆመው።

ዝርዝሩ ይኸውላችሁ፦

«ሀንኪ ዶሪ»፣ 1971
«ዚጊ ስታርደስት»፣ 1972
«አላዲን ሴይን»፣ 1973
«ፒን አፕስ»፣ 1973
«ዳይመንድ ዶግስ»፣ 1974
«ያንግ አሜሪካንስ»፣ 1975
«ስቴሽን ቱ ስቴሽን»፣ 1976
«ሎው»፣ 1977
«ሂሮስ»፣ 1977
«ሎጀር»፣ 1979
«ስኬሪ ሞንስተርስ»፣ 1980

ከዝርዝሩ በላይ «ዘ ማን ሁ ሶልድ ዘ ወርልድ» አለ። ከታች ደግሞ በ1983 የወጣው «ሌትስ ዳንስ» አለ። ሁለቱንም ጠርዝ ላይ አስፍሯቸው። ጉዞው የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያበቃ ስትወስኑ ያስፈልጓችኋል።

ደረጃ 3፦ አጠያያቂዎቹን አልበሞች አንድ በአንድ ፍረዱባቸው

የመድረክ ቅጂዎቹ ቀላል ናቸው። «ዴቪድ ላይቭ» በ1974፣ «ስቴጅ» በ1978 ወጥተዋል። በሁለቱም ያሉት ቀድሞ የወጡ ዘፈኖች በመድረክ ሲቀርቡ ነው። በሕጋችን አይቆጠሩም፣ ጉዞም አይሰብሩም። እዚህ ላይ አትቆዩ።

ለሌላ ሰው የሠራቸውም አሉ። ቦዊ ለጓደኛው ለኢጊ ፖፕ በ1977 የወጡትን «ዘ ኢዲየት» እና «ለስት ፎር ላይፍ» የተባሉ ሁለት አልበሞችን አብሮ ጽፎ አብሮ ሠርቷል። በዚያው ዓመት የራሱን «ሎው» እና «ሂሮስ» አወጣ። በአንድ ዓመት አራት አልበም ማለት ነው። በዚያ ላይ በኢጊ ፖፕ ባንድ ውስጥ ኪቦርድ እየተጫወተ ለኮንሰርት ዞሯል። በስሙ ስላልወጡ አንቆጥራቸውም። ያ ዓመት ምን ያህል የሞላ እንደነበር ግን ያሳያሉና ለክርክራችሁ ያዟቸው።

ዋናው ጣጣ «ፒን አፕስ» ነው።

በ1973 ሐምሌ ላይ ቦዊ ለንደን በሚገኘው ሃመርስሚዝ ኦዲዮን መድረክ ላይ ዚጊ የተባለውን ገጸ ባሕርይ ተሰናበተ። ወዲያው ፈረንሳይ ሄዶ በስልሳዎቹ አጋማሽ እንግሊዝ ውስጥ ይወዳቸው የነበሩ የሌሎች ባንዶችን ዘፈኖች በራሱ ድምፅ ቀረጸ። አልበሙ በሙሉ የሌሎች ዘፈን ነው። የራሱ አንድም የለበትም።

ብዙ የቦዊ ወዳጆች «የሌላ ሰው ዘፈን ስለሆነ አይቆጠርም» ይላሉ። ይህ ክርክር ውሃ አያነሳም። ስቱዲዮ ገብቶ የሠራው ሙሉ አልበም ነው፣ ስሙ አለበት፣ ፎቶው ሽፋኑ ላይ አለ። እንግሊዝ ውስጥ በሽያጭ አንደኛ ወጥቷል። «ይቆጠራል» ተብሎ ተስማምተን ሳለ የማይመቸንን አልበም ከዝርዝር ማውጣት ልክ አይደለም። ስለዚህ «ፒን አፕስ» ይቆጠራል።

ይቆጠራል ካልን ደግሞ እንፍረድበት። ከ«አላዲን ሴይን» ቀጥሎ ስሙት። «አላዲን ሴይን» በሚለው ዘፈን መሀል ማይክ ጋርሰን የሚጫወተው ፒያኖ አለ። ጋርሰን መጀመሪያ ብሉዝ ሞከረ፣ ቦዊ አልተቀበለውም። ላቲን ሞከረ፣ እሱንም አልወደደውም። ከዚያ ቦዊ ኒው ዮርክ ውስጥ የሚጫወተውን ያንን ከመስመር የወጣ ጃዝ እንዲያመጣ ጠየቀው። ጋርሰን በአንድ ጊዜ ተጫውቶ ጨረሰው። ጣቶቹ ፒያኖው ላይ ሲንኮታኮቱ ዘፈኑ ይፈርሳል ብላችሁ ትሰጋላችሁ። ግን አይፈርስም። ከዚህ በኋላ «ፒን አፕስ»ን ስትከፍቱ ደስ የሚል፣ ፈጣን፣ በደንብ የተጫወተ ሙዚቃ ታገኛላችሁ። ስጋቱ ግን የለም። የምትሰሙት ያረፈ ሰው ነው። እረፍት ይገባዋል፤ የጉዞ ቆጠራው ግን እዚያ ላይ ይቋረጣል።

እናም አስራ አንዱ አንድ ጉዞ መሆናቸው ቀረ። ሁለት ቁራጭ አለን፦ ከ«ፒን አፕስ» በፊት ያሉት ሦስቱ፣ ከሱ በኋላ ያሉት ሰባቱ።

ደረጃ 4፦ በቅደም ተከተል፣ ሳታቋርጡ ስሙ

አስራ አንዱንም ለመስማት ሰባት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። በአንድ ቀን አትሞክሩት። በሁለት ወይም በሦስት ምሽት ከፋፍሉት። ሁለት ነገር ግን ጠብቁ፦ ዘፈን አትዝለሉ፣ ቅደም ተከተሉንም አታዘበራርቁ። ስልካችሁ ላይ ዘፈኖችን የሚያቀላቅለውን ምልክት አጥፉት። እነዚህ አልበሞች የተሠሩት ለሸክላ ነው። ሸክላ ሁለት ገጽ አለው። የመጀመሪያው ገጽ ሲያልቅ ተነስታችሁ ትገለብጡታላችሁ። ያቺ እረፍት የሥራው አካል ናት። እናንተም ገጹ የሚያልቅበትን ዘፈን ለይታችሁ እዚያ ላይ ትንሽ ቁሙ።

በተለይ «ሎው» ላይ ይህን ካላደረጋችሁ አልበሙ አይገባችሁም። አንደኛው ገጽ ሰባት አጫጭር ዘፈኖች አሉት። የመጀመሪያው ዘፋኝ የለውም። ከሩቅ እየጎላ መጥቶ ይጀምራል፣ ሙዚቃው ብቻ ሄዶ ያልቃል። ከበሮውን ልብ በሉ። ፕሮዲዩሰሩ ቶኒ ቪስኮንቲ ይዞት በመጣው አዲስ የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ በኩል ያለፈ ድምፅ ነው። ዴኒስ ዴቪስ ሲመታው ድምፁ ወደ ታች ይሰምጣል፣ ከባድ ነገር ወለል ላይ እንደወደቀ። «ሳውንድ ኤንድ ቪዥን» የሚለው ዘፈን ላይ ደግሞ የቦዊ ድምፅ የሚመጣው ከአንድ ደቂቃ በላይ ከጠበቃችሁ በኋላ ነው። ዘፈኑ በጠቅላላው ሦስት ደቂቃ ገደማ ነው! ይህ ዘፈን እንግሊዝ ውስጥ ሦስተኛ ደረጃ ድረስ ወጥቷል።

ከዚያ ገልብጡት። ሁለተኛው ገጽ ሌላ ዓለም ነው። አራት ረጃጅም፣ ቀስ ያሉ ሥራዎች አሉ፤ አብዛኛው ያለ ግጥም። «ዋርዛቫ» ላይ ቦዊ ሲዘምር የምትሰሟቸው ቃላት የየትኛውም አገር ቋንቋ አይደሉም፣ እሱ የፈጠራቸው ናቸው። ሁለቱን ገጾች ያለ እረፍት ብትሰሟቸው የተምታታ ነገር ይመስላችኋል። በእረፍቱ ስትሰሟቸው ግን አንድ ሰው በመጀመሪያው ገጽ ክፍሉ ውስጥ ተዘግቶ፣ በሁለተኛው ገጽ መስኮት ከፍቶ ሲያይ ትሰማላችሁ።

ስትሰሙ ለእያንዳንዱ አልበም ሁለት ነገር ብቻ ጻፉ፦ ከፍ ያደረገውን አንድ ቦታ እና ዝቅ ያለበትን አንድ ቦታ። ዘፈኑን ብቻ ሳይሆን ደቂቃውንም ጻፉት። ክርክር ላይ «አልበሙ ጎበዝ ነው» ከማለት «ስቴሽን ቱ ስቴሽን» በሚለው ዘፈን ላይ መጀመሪያ የባቡር ድምፅ ይሄዳል፣ ከዚያ ባንዱ ይገባል፣ ቦዊ አፉን የሚከፍተው ከሦስት ደቂቃ በላይ ቆይቶ ነው ማለት ይሻላል። የሰማ ሰው ወዲያው «አዎ!» ይላችኋል። ያልሰማ ሰው ደግሞ ሄዶ ይሰማል።

ደረጃ 5፦ የደረጃ ሰንጠረዥን ከክርክሩ አውጡት

ይህን በአጭሩ ልለፈው። «ፒን አፕስ» እንግሊዝ ውስጥ አንደኛ ወጣ። «ዚጊ ስታርደስት» ያኔ ከአምስተኛ አላለፈም። «ሎው» ሁለተኛ፣ «ሂሮስ» ሦስተኛ ላይ ቆሙ። ሽያጭ ቢፈርድ ኖሮ «ፒን አፕስ» ከሦስቱም በለጠ ማለት ነው። የቦዊን ሙዚቃ የሚወድ ሰው ይህን ፍርድ አይቀበልም። ስለዚህ ሽያጭ ለእናንተ ሲመቻችሁም አትጥሩት።

ደረጃ 6፦ ማን እንደተጫወተ ተመልከቱ

ብዙ ተከራካሪ ይህን ይረሳዋል። ለእኔ ግን ክርክሩን የወሰነልኝ ይህ ነው።

ጉዞ የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያልቅ በጆሮ ብቻ ለመለየት ሲያስቸግር ከቦዊ ጀርባ የቆሙትን ሰዎች ተከተሉ። በ«ሀንኪ ዶሪ»፣ በ«ዚጊ ስታርደስት» እና በ«አላዲን ሴይን» ላይ ጊታር ሚክ ሮንሰን፣ ቤዝ ትሬቨር ቦልደር፣ ድራም ሚክ ውድማንሲ ናቸው። በ«ፒን አፕስ» ላይ ድራመሩ ተቀየረ። «ዳይመንድ ዶግስ» ላይ ሮንሰንም ሄዷል፣ ቦዊ ራሱ ዋናውን ጊታር ይዟል። «ሬብል ሬብል» ላይ የምትሰሙት ያ ጊታር ለዚህ ነው ሻካራ የሆነው።  እኔ እንዲያውም በዚህ ሻካራነቱ ነው የምወደው።

አሁን ወደ ሌላኛው ጫፍ እንሂድ። ካርሎስ አሎማር ጊታር፣ ጆርጅ ሙሬይ ቤዝ፣ ዴኒስ ዴቪስ ድራም። እነዚህ ሦስት ሰዎች «ስቴሽን ቱ ስቴሽን» ላይ አሉ። «ሎው» ላይ አሉ። «ሂሮስ» ላይ፣ «ሎጀር» ላይ፣ «ስኬሪ ሞንስተርስ» ላይም አሉ። አምስት አልበም፣ አንድ ሞተር። ከላይ የሚመጣው እንግዳ ይለዋወጣል። ብራያን ኢኖ ሲንተሳይዘሩን ይዞ በሦስቱ መሀለኛ አልበሞች ላይ ይመጣል። ጊታሪስቱ ሮበርት ፍሪፕ «ሂሮስ» ላይ መጥቶ ይሄዳል፣ «ስኬሪ ሞንስተርስ» ላይ ይመለሳል። ሦስቱ ግን ከታች ቆመው ይይዛሉ።

ከ«ሌትስ ዳንስ» ጀምሮ ቡድኑ የለም። ፕሮዲዩሰሩ ናይል ሮጀርስ ሆነ፣ ሙዚቀኞቹም አዲስ ናቸው። ጥሩ አልበም ነው፣ ብዙ ሰው አስጨፍሯል። ግን የሌላ ዘመን ሥራ ነው። ጠርዙ እዚያ ላይ ራሱን ያሳያል።

እግረ መንገዴን አንድ የተለመደ ስህተት ላርም። ሰው «ሎው»ን፣ «ሂሮስ»ን እና «ሎጀር»ን «የበርሊን ሦስት» ይላቸዋል። ክርክር ላይ «ምርጡ የበርሊኑ ነው» ብሎ የሚዘጋ ሰው ከገጠማችሁ በትህትና አስታውሱት፦ «ሎው» በአብዛኛው የተቀረጸው ፈረንሳይ ውስጥ ነው፣ የተጠናቀቀው ነው በርሊን። «ሎጀር» የተሠራው በስዊዘርላንድና በኒው ዮርክ ነው። ሙሉ በሙሉ በርሊን የተቀረጸው «ሂሮስ» ብቻ ነው። የስያሜው ችግር ሦስቱን ከፊታቸውና ከኋላቸው ካሉት ቆርጦ ማውጣቱ ነው። ሙዚቀኞቹን ስትከተሉ ግን «ስቴሽን ቱ ስቴሽን» እና «ስኬሪ ሞንስተርስ» የዚሁ ቤተሰብ መሆናቸው ይታያችኋል።

ደረጃ 7፦ ደካማውን አልበም ፈልጉና እሱ ላይ ተከራከሩ

«ሂሮስ» ግሩም ነው ብሎ የሚከራከር ሰው ጊዜውን ያባክናል፤ ማንም አይክደውምና። ዘፈኑ የተቀረጸበትን አዳራሽ አስቡት። ምዕራብ በርሊን፣ ሃንዛ ስቱዲዮ፣ ከበርሊን ግንብ አጠገብ። ቪስኮንቲ ለቦዊ ድምፅ ሦስት ማይክ አቆመ። አንዱ አፉ ስር፣ ሁለተኛው ስድስት ሜትር ገደማ ርቆ፣ ሦስተኛው አዳራሹ ጫፍ ላይ። ራቅ ያሉት ሁለቱ የሚከፈቱት ቦዊ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ብቻ ነው። እናም መጀመሪያ ላይ ጆሯችሁ ስር ያወራል። መጨረሻ ላይ የሩቆቹን ማይኮች ለመክፈት መጮህ አለበት። ያ ጩኸት የመጣው ከዚህ ነው። ይህን ካወቃችሁ በኋላ ዘፈኑን እንደገና ስሙት።

ይህ ዘፈን ለእኛ ሌላ ትዝታም አለው። በ1985 ሐምሌ 13 ለንደን ዌምብሌይ ስታዲየም ውስጥ በአገራችን ድርቅ ለተጎዱ ወገኖች እርዳታ ለማሰባሰብ በተካሄደው ላይቭ ኤይድ ኮንሰርት ላይ ቦዊ አራት ዘፈን ተጫወተ። ሊጫወት ካሰባቸው አንዱን ትቶ ያንን ደቂቃ የረሃቡን ምስል ለሚያሳይ አጭር ፊልም ሰጠ። ፊልሙን ከማስተዋወቁ በፊት የመጨረሻ ያደረገው «ሂሮስ»ን ነበር። ከአራቱ ሌላኛው «ቲቪሲ 15» ሲሆን እሱም ከ«ስቴሽን ቱ ስቴሽን» ነው። ይህን ለፍርዱ ማስረጃ አላደርገውም። ግን ስሰማው ሁሌ ትዝ ይለኛል።

ወደ ደካማው እንመለስ። ከአምስቱ የእንጀራ ልጅ የሆነው «ሎጀር» ነው። «እሱ ባይኖር ኖሮ» የሚለው ሰው ብዙ ነው። ስለዚህ ከክርክሩ ግማሹን ለሱ ስጡት።

የሚነሳበትን ወቀሳ በቅድሚያ በደንብ አስቀምጡ። ድምፁ የታፈነ ነው። ቪስኮንቲ ራሱ ስላልረካበት በ2017 አልበሙን እንደገና ሚክስ አድርጎ አውጥቶታል። እዚህ ላይ አንድ ሕግ ጨምሩ፦ የምትፈርዱት በ1979 በወጣው ነው። በኋላ የተስተካከለው ለማዳመጥ እንጂ ለፍርድ አይቀርብም።

በሁለተኛ ደረጃ የመተካት ፈተናውን ስጡት። አልበሙን አውጡና ጠይቁ፦ ቀጥሎ የመጣው ያለሱ ሊመጣ ይችል ነበር? «ፒን አፕስ»ን ብታወጡት ከ«ዳይመንድ ዶግስ» ምንም አይጎድልም። «ሎጀር»ን ብታወጡት ግን ክፍተት ይፈጠራል። «ሎው» እና «ሂሮስ» ላይ ግማሹ ገጽ ያለ ግጥም ነበር። «ሎጀር» ላይ አስሩም ዘፈን ግጥም አለው፣ ሁሉም አጭር ነው። በሁለቱ አልበሞች የተማረውን እንግዳ ድምፅ ወስዶ ተራ ዘፈን ውስጥ የከተተው እዚህ ነው። «ቦይስ ኪፕ ስዊንጊንግ» ሲቀረጽ ሙዚቀኞቹ መሣሪያ ተለዋወጡ፤ ጊታሪስቱ አሎማር ድራም ላይ ተቀመጠ። የዘፈኑ የኮርድ ቅደም ተከተል ደግሞ እዚያው አልበም ላይ ካለው «ፋንታስቲክ ቮዬጅ» ጋር አንድ ነው። ሁለቱን አከታትላችሁ ስሟቸው። አንዱ የዝግታ ጸሎት፣ ሌላው የሰፈር ጎረምሶች ጭፈራ ይመስላል። አጥንታቸው ግን አንድ ነው። ይህን የሚሞክር ሰው አልደከመም። «ስኬሪ ሞንስተርስ» ላይ የሰበሰበውን ፍሬ የዘራው እዚህ ነው።

የሎጀር ሁለተኛ ገጽ መጨረሻ አካባቢ ጉልበቱ እንደሚቀንስ ግን አልክድም። ወደቀ አልልም፤ ዝቅ አለ። ለጉዞ መሰበር መውደቅ ያስፈልጋል።

«ያንግ አሜሪካንስ»ንስ? እሱንም በዚሁ ሚዛን አስቀምጡት። ፊላደልፊያ ውስጥ የተቀረጸው ሶል ሙዚቃ ያምራል፣ «ፌም» ደግሞ አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያው አንደኛ የወጣ ዘፈኑ ሆኗል። ነገር ግን እዚያው ላይ የቢትልስን «አክሮስ ዘ ዩኒቨርስ» እንደገና ዘፍኖታል። ባይኖር የሚሻል ዘፈን ነው። ለእኔ አልበሙ ሁለት ቦታ ተከፍሎ ይቀራል። ጓደኛዬ እዚህ ላይ አይስማማም። «ዳይመንድ ዶግስ» ላይ ጀምሮ ሰባት ይቆጥራል። ክርክሩ ውሃ ያነሳል፣ አከብረዋለሁ።

ደረጃ 8፦ የሌላውን ወገን ክርክር እናንተ አቅርቡለት

ይህቺ ልማድ ብዙ ጭቅጭቅ ታድናለች። የራሳችሁን ከመናገራችሁ በፊት የጓደኛችሁን ምርጫ እሱ ከሚያቀርበው በላይ አሳምራችሁ አቅርቡ። እሱ «አዎ፣ እንዲያ ነው የምለው» ካለ በኋላ ብቻ መልስ ስጡ።

ለምሳሌ ሦስቱን የመጀመሪያዎቹን የሚመርጥ ሰው እንዲህ ይላል፦ ከ«ሀንኪ ዶሪ» እስከ «አላዲን ሴይን» አንድ ዓመት ከአራት ወር ገደማ ብቻ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ «ላይፍ ኦን ማርስ» አለ፣ ዚጊ አለ፣ የጋርሰን ፒያኖ አለ። ደካማ አልበም የለም። ማንም ሰው ከዳር እስከ ዳር አብሯቸው ሊዘፍን ይችላል። እውነት ነው። በፍጥነት የሚመዝን ሰው እነሱን ቢመርጥ አልፈርድበትም። በዚህ ሚዛን ቦብ ዲላንም ይነሳል፤ ከ1965 መጋቢት እስከ 1966 አጋማሽ ድረስ «ብሪንጊንግ ኢት ኦል ባክ ሆም»ን፣ «ሃይዌይ 61 ሪቪዚትድ»ን እና «ብሎንድ ኦን ብሎንድ»ን አውጥቷል። ከሮክ ወጣ ብሎ የሚያወዳድር ሰው ደግሞ ስቲቪ ዎንደርን ያመጣል፦ ከ1972 እስከ 1976 አምስት አልበም፣ ከነሱም ሦስቱ የዓመቱን ምርጥ አልበም ግራሚ ወስደዋል።

ደረጃ 9፦ ፍርዳችሁን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ

መጀመሪያ፣ መጨረሻ፣ ምክንያት። «ሁሉም ደስ ይላል» የሚል ፍርድ አይቆጠርም።

የእኔ ይኸውላችሁ፦ ከ«ስቴሽን ቱ ስቴሽን» እስከ «ስኬሪ ሞንስተርስ»፣ ከ1976 ጥር እስከ 1980 መስከረም፣ አምስት አልበም፣ ምክንያቱም ሦስቱ ሙዚቀኞች ከታች ሳይነቃነቁ ቦዊ ከላይ አምስት ጊዜ ሌላ ሰው ስለሆነና ዝቅ ባለበት ጊዜም መፈለጉን ስላላቆመ።

አምስቱን በቅደም ተከተል ለመስማት ሦስት ሰዓት ከሩብ ገደማ ይበቃችኋል። ከእራት በኋላ ብትጀምሩ ከመኝታ በፊት «አሽስ ቱ አሽስ» ላይ ትደርሳላችሁ። በ1969 በዘፈኑ ወደ ጠፈር የላከውን ጠፈርተኛ ሜጀር ቶምን ቦዊ ከ11 ዓመት በኋላ እዚያ ዘፈን ላይ ነው ደግሞ የሚያነሳው። ከዚያ አልበሙ ባለቀበት ዘፈን ላይ ቆዩ። «ኢትስ ኖ ጌም» መጀመሪያ ላይ በጩኸት ከፍቶት ነበር። መጨረሻ ላይ ያንኑ ዘፈን ዝግ ባለ ድምፅ ይደግመዋል፣ ከዚያም ዝም ይላል።